የቪዲዮ ጌም ማሽን ጉልበትና ዋጋ፦ ፊዚክስ ምን ይላል?

አዲስ የቪዲዮ ጌም ማሽን ለገበያ በቀረበ ቁጥር ከተማሪዎቻችን የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «የትኛው ይበልጣል?» የሚል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ይዘው ነው የሚመጡት። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይህን ያህል ጊጋኸርዝ፣ የማስታወሻው መጠን ይህን ያህል ጊጋባይት፣ በአንድ ሴኮንድ የሚያከናውነው ስሌት ይህን ያህል ትሪሊዮን እያሉ ይዘረዝሩና ቁጥሩ የበለጠው ማሽን እንደሚያሸንፍ ይደመድማሉ። ነገሩ በዚህ መልክ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ባላስፈለገን ነበር። የዘርፉ ታሪክ እንደሚያሳየን ብርቱው ማሽን በደካማው የተበለጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለመሆኑ ጉልበት የሚባለው ምንድን ነው? ከየት ይመጣል? ምንስ ያስከፍላል? ለዚህ መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ መለስ ብለን የ2006ን ፉክክር እንመለከታለን። ያኔ የተፋለሙት ሦስት ማሽኖች ዛሬ ከገበያ ወጥተዋል፤ ሒሳባቸው ተዘግቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ማሽኖች፣ ሦስት ውርርዶች

ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 የተባለውን ማሽኑን በኅዳር 2005 በአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ ዋጋው እንደ ዓይነቱ 300 እና 400 ዶላር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በኖቬምበር 17 ቀን 2006 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን በ500 እና በ600 ዶላር አቀረበ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን ትንሽ ነጭ ማሽን በ250 ዶላር ለሽያጭ አወጣ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ውድድር ሊባል የሚችል አልነበረም። የሶኒው ማሽን «ሴል» የተባለ በ3.2 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነበረው። ሶኒ፣ ቶሺባና አይቢኤም በጋራ የሠሩት ይህ ፕሮሰሰር አንድ ዋና ኮርና በርካታ ረዳት ኮሮችን የያዘ ነበር። የዊ ፕሮሰሰር ግን አንድ ኮር ብቻ ያለው ሲሆን ፍጥነቱም 729 ሜጋኸርዝ ነበር። ሆኖም የሽያጩ ውጤት ተቃራኒውን አሳየ። ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን በላይ፣ ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ከ84 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

600 ዶላሩ ከየት መጣ?

የአንድ ፕሮሰሰር ዋጋ ከጉልበቱ ጋር በቀጥታ መስመር የሚያድግ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት ዋፈር በሚባል ስስ ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው። በአንድ ዋፈር ላይ ብዙ ቺፖች ጎን ለጎን ይታተሙና በኋላ ይቆራረጣሉ። ዋፈሩ ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግለት እዚህም እዚያም በዘፈቀደ የተበተኑ ጥቃቅን እንከኖች አያጣም። አንድ እንከን ያረፈበት ቺፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጣይ ነው።

ስሌቱን ከአንባቢያችን ጋር እንሥራ። የቺፑ ስፋት በአማካይ አንድ እንከን የሚያርፍበት ያህል ነው እንበል። እንከኖቹ በዘፈቀደ የሚበተኑ ከሆነ፣ በፕሮባቢሊቲ ሕግ መሠረት ከመቶው ቺፖች ጤነኛ ሆነው የሚወጡት 37 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቺፑን ስፋት በግማሽ ብንቀንሰው ጤነኞቹ ከመቶ ወደ 61 ከፍ ይላሉ፤ በዚያ ላይ ከአንዱ ዋፈር የሚወጣው የቺፕ ብዛት ራሱ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ በስፋት በእጥፍ የሚበልጠው ቺፕ ዋጋው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሴል ወደ 235 ካሬ ሚሊሜትር የሚጠጋ ትልቅ ቺፕ ነበር። በመሆኑም መሐንዲሶቹ ብልሃት ፈለጉ። በቺፑ ላይ ስምንት ረዳት ኮሮች ታትመው ሳለ ለጌም ማሽኑ የሚያስፈልጉት ሰባት ብቻ እንዲሆኑ ወሰኑ። ከስምንቱ አንዱ ላይ እንከን ያረፈበት ቺፕ አይጣልም፤ ያ ኮር ተዘግቶ ለገበያ ይቀርባል። ስምንቱም ጤነኛ የሆኑበት ቺፕ እንኳ አንዱ ይዘጋበታል፤ ሁሉም ማሽን እኩል መሆን አለበትና። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን 3ን የገዛ ሰው ሁሉ የማይሠራ አንድ ኮር አብሮ ገዝቷል ማለት ነው!

ሁለተኛው ወጪ ደግሞ የብሉሬይ ዲስክ ማንበቢያው ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ብንቆይ አንባቢያችን አይቀየመንም ብለን እናምናለን፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦፕቲክስ የአንድን ሸቀጥ ዋጋ ሲወስን እንደዚህ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ዲቪዲ የሚነበበው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ሲሆን፣ የብሉሬይ ሌዘር 405 ናኖሜትር ነው፤ ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ። የሌዘር ነጥብ ሊጠብ የሚችለው እስከ ሞገድ ርዝመቱ ገደማ ብቻ ነው። የሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅምም ከ0.6 ወደ 0.85 አድጓል። ሁለቱን ሬሾዎች አባዝተን ስኩዌር ስናደርጋቸው 5.2 ገደማ እናገኛለን። የዲቪዲ አንድ ንብርብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በ5.2 ሲባዛ ከ24 ጊጋባይት ያልፋል። የብሉሬይ አንድ ንብርብር የሚይዘው 25 ጊጋባይት ነው። ከዚህ የተሻለ መግጠም ከየት ይገኛል?

ይህን ሰማያዊ ብርሃን ከጠጣር ነገር ማመንጨት ግን ለረጅም ዘመን ያስቸገረ ሥራ ነበር። ከጋሊየም ናይትራይድ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ዳዮድ ለመሥራት የበቁት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። በ2006 ደግሞ የሰማያዊ ሌዘር ዳዮድ በበቂ መጠን ማምረት ባለመቻሉ ሶኒ ማሽኑን አውሮፓ ለማድረስ እስከ መጋቢት 2007 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

በእነዚህ ምክንያቶች 600 ዶላሩ ራሱ የማሽኑን ወጪ አይሸፍንም ነበር። በዚህ ንግድ ማሽኑን በኪሳራ ሸጦ ገንዘቡን ከጌሞቹ ሽያጭ ማስመለስ የተለመደ ስልት ነው። የሶኒ የጌም ክፍል እስከ መጋቢት 2007 በነበረው የበጀት ዓመት 232 ቢሊዮን የን ኪሳራ አስመዝግቧል።

ሙቀት የሚባል ዕዳ

ጉልበት የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በአንድ ቺፕ ውስጥ የሚባክነው የኤሌክትሪክ ኃይል በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በትራንዚስተሮቹ ካፓሲታንስ፣ በቮልቴጁ ስኩዌርና በፍጥነቱ። ፍጥነቱን ለመጨመር ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁንም መጨመር ስለሚያስፈልግ ሙቀቱ ከፍጥነቱ ይልቅ በጣም ቀድሞ ይሮጣል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 በጨዋታ ላይ ወደ 200 ዋት ገደማ ይወስድ ነበር። ዊ ግን ከ20 ዋት በታች ይበቃው ነበር፤ ሦስት የዲቪዲ ሣጥን ተደራርቦ የሚያክል ትንሽ አካል ሊኖረው የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን ዕዳ ትልቁን ክፍያ የከፈለው ግን ኤክስቦክስ 360 ነው። ማሽኖቹ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ፊታቸው ላይ ቀይ መብራት እያበሩ መሞት ጀመሩ። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 የዋስትናውን ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት ሲያራዝም ለጥገናው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መመደቡን አስታወቀ። ኩባንያው በ2021 ባቀረበው ዘጋቢ ፊልም እንደተገለጸው ችግሩ የመጣው ማሽኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ከሚፈጠረው የሙቀት መለዋወጥ ነበር። በቺፑ ማቀፊያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማገናኛዎች እየተሰነጠቁ ይቆረጡ ነበር።

ነገሩ የሙቀት ርዝመት ለውጥ ነው። ሲሊከን ሲሞቅ የሚረዝመው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ለያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 2.6 እጅ ያህል። የተቀመጠበት ሰሌዳ ግን ከዚያ አምስት ስድስት እጥፍ ይረዝማል። ጎኑ 15 ሚሊሜትር የሆነ ቺፕ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በቺፑና በሰሌዳው መካከል ወደ 10 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል። ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲደጋገም ሽቦ እያጠፉና እያቀኑ እንደመስበር ያለ ነው።

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያሉ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች ይህን ያለ ቀመር ያውቁታል። በእነዚህ ቤቶች ተጫዋቹ ማሽኑን አይገዛም፤ ለአንድ ግጥሚያ ወይም ለጊዜው ይከፍላል። ስለዚህ የማሽኑ ዋጋ በሰፈሩ ልጆች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ የባለቤቱም ጥያቄ የስሌት ፍጥነት ሳይሆን ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በአቧራና በሙቀት ውስጥ ሲሠራ ስንት ወር ይቆያል የሚለው ነው።

ትንሽዋ ሚዛን

ታዲያ ዊ በምን አሸነፈ? በዋጋው ብቻ ነው ብለን አናምንም። ገዢዎቹን የሳበው በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ነበር። በውስጡ ፍጥነት ሲለወጥ የሚለካ መሣሪያ (አክስለሮሜትር) ተቀምጧል። ይህ መሣሪያ ከሲሊከን የተቀረጸች እጅግ ትንሽ ክብደት በሲሊከን ስፕሪንጎች ተንጠልጥላ የምትገኝበት ነው። እጃችንን ስናወዛውዝ ክብደቷ በኢነርሽያ ምክንያት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በእሷና በአጠገቧ ባሉት ሳህኖች መካከል ያለው ርቀት ስለሚለወጥ ካፓሲታንሱም ይለወጣል። በዚህ መንገድ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ የቴኒስ ምት ይሆናል።

የማነጣጠሪያው ነገርማ የበለጠ ያስገርማል። ከቴሌቪዥኑ በላይ ወይም በታች የሚቀመጠው ዘንግ «ሴንሰር» ይባል እንጂ ምንም ነገር አይለካም፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የኢንፍራሬድ መብራቶች አሉት፤ በቃ። የሚያየው በመቆጣጠሪያው አፍ ላይ ያለው ካሜራ ነው። ዘንጉ የተበላሸበት ሰው ሁለት ሻማ አራርቆ ቢያበራ ጨዋታውን መቀጠል ይችላል። (መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማው አይጠቅምም፤ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይጠፋልና።) እነዚህ ክፍሎች ሁሉ ርካሽና ኃይል የማይፈልጉ ነበሩ።

የሴል ጉልበት በበኩሉ ለብዙ ጊዜ ሳይነካ ቆየ። እያንዳንዱ ረዳት ኮር 256 ኪሎባይት ብቻ የሆነ የራሱ ማስታወሻ ስለነበረው ፕሮግራም ጸሐፊው መረጃውን ቁራሽ በቁራሽ እያመላለሰ መመገብ ነበረበት። አይቢኤም የዚህኑ ፕሮሰሰር የተሻሻለ ዓይነት የተጠቀመበት ሮድራነር የተባለው ሱፐርኮምፒዩተር በ2008 በሴኮንድ አንድ ኳድሪሊዮን ስሌት የተሻገረ የመጀመሪያው ማሽን ሆኗል። ጉልበቱ እውነተኛ እንደነበረ አንክድም። ሆኖም ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ማሽን ይህን ጉልበት ወደ ጨዋታ የሚለውጥለት ሰው ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል።

የባትሪ ሒሳብ

ይህ አካሄድ በኒንቴንዶ ቤት አዲስ አልነበረም። በ1989 ጉንፔይ ዮኮይ የተባለው መሐንዲስ የቀረጸው ጌምቦይ ግራጫ ቀለም ብቻ የሚያሳይ፣ የራሱ ብርሃን የሌለው ስክሪን ነበረው፤ ዋጋው 90 ዶላር ገደማ። ዮኮይ የቆየና ርካሽ የሆነ ቴክኖሎጂን ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ይሻላል የሚል እምነት ነበረው። ተፎካካሪው የሴጋ ጌም ጊር በ150 ዶላር ባለ ቀለምና ባለ ብርሃን ስክሪን ይዞ መጣ። አንድ ትንሽ አልካላይን ባትሪ 3 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል ብንል፣ ጌምቦይ በአራት ባትሪ 15 ሰዓት ሲሠራ 0.8 ዋት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ጌም ጊር ግን በስድስት ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር፤ ይህም ከ3.6 እስከ 6 ዋት ነው። የባትሪውን ወጪ የሚከፍለው ወላጅ ነበርና ልዩነቱን ለመረዳት ቀመር አላስፈለገውም። ጌምቦይና ባለ ቀለም ወራሹ በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

ከዚህ ተነስቶ «ደካማና ርካሽ ይሻላል» የሚል ሰው ካለ ግን የዚያው ኩባንያ ዊ ዩ ያርመዋል። በ2012 የወጣው ይህ ማሽን ከተፎካካሪዎቹ ደካማ ነበር፤ ሽያጩ ግን 13.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ። መቆጣጠሪያው ለምን እንደሚጠቅም ብዙ ሰው ሊገባው አልቻለም። በሌላ በኩል ውድ የነበረው ፕሌይስቴሽን 3 በ2009 በቀጭን አካል በ300 ዶላር ሲቀርብ ሕይወቱ ታደሰ። የሴል ትራንዚስተሮች ከ90 ወደ 45 ናኖሜትር ወርደው፣ ቺፑ አንሶ፣ ሙቀቱም ቀንሶ ስለነበር ነው ይህ የተቻለው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለዛሬ ገዢ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ በ1974 እንዳሳየው፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም በዚያው ልክ ከቀነሰ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አይጨምርም። ይህ ሕግ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሠርቶ በ2005 አካባቢ ቆመ። ትራንዚስተሩ በተዘጋበትም ጊዜ የሚያሾልከው ከረንት ስለበዛ ቮልቴጁ ከአንድ ቮልት አካባቢ ብዙ መውረድ አልቻለም። አዳዲሶቹ የማምረቻ ዘዴዎችም እጅግ ውድ ሆነዋል።

በዚህም ምክንያት «ትንሽ እንቆይና ይረክሳል» የሚለው የድሮ ምክር መሥራቱን እያቆመ ይመስለናል። በኅዳር 2020 ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ፕሌይስቴሽን 5 እኩል በ500 ዶላር ወጡ። የመጀመሪያው በሴኮንድ 12 ትሪሊዮን፣ ሁለተኛው 10.3 ትሪሊዮን ገደማ ስሌት የሚሠሩ ነበሩ፤ በሽያጭ ግን ደካማው የሶኒ ማሽን በሰፊ ልዩነት መርቷል። ሶኒ በ2022 የዋጋ ንረትንና የምንዛሪ ለውጥን ጠቅሶ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ በርካታ ገበያዎች ዋጋውን ጨመረ። በነሐሴ 2025 ደግሞ፣ ማሽኑ ለገበያ በቀረበ በአምስተኛው ዓመት ማለትም ፕሌይስቴሽን 3 በእኩሌታ ዋጋ ይሸጥ በነበረበት ዕድሜ፣ በአሜሪካም የፕሌይስቴሽን 5 ዋጋ በ50 ዶላር ከፍ ብሏል።