ለእንጨት ደጋን የጀርባ ልባጥ ምርጫና ዝግጅት ጥንቃቄ ይጠይቃል

ከእንጨት በእጅ የሚሠራ ደጋን በሚሳብበት ጊዜ ወደ ኢላማው የዞረው ጀርባው ሲለጠጥ፣ ወደ ቀስተኛው የዞረው ሆዱ ደግሞ ይጨመቃል። ደጋን ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው የጀርባው ቃጫ ውጥረቱን መሸከም ሲያቅተው ነው። በመሆኑም የሙያው ባለቤቶች መለጠጥን የሚቋቋም ስስ የእንጨት ልባጥ በጀርባው ላይ በሙጫ ያጣብቃሉ።

የው የተሰኘው የአውሮፓ ዛፍ ይህን ጠባይ በተፈጥሮው የያዘ ነው። ነጣ ያለው የውጭ እንጨቱ መለጠጥን፣ ቀላ ያለው የውስጥ እንጨቱ መጨመቅን ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1545 በሰመጠችውና በ1982 ከባሕር በወጣችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ውስጥ የተገኙት ከ130 በላይ ደጋኖች ከዚሁ እንጨት የተሠሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ እንጨቱ እንደልብ የሚገኝ አልነበረም። በ1472 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ነጋዴዎች ወደ አገሪቱ ከሚያስገቡት ከእያንዳንዱ ቶን ጭነት ጋር 4 የደጋን እንጨቶች እንዲያቀርቡ ያስገድድ ነበር።

የጀርባ ልባጥ ተመሳሳይ ጥቅም ከሌሎች ዛፎች ለማግኘት ያስችላል። ለዚህም በሰሜን አሜሪካ የሚበቅለው ሂኮሪ በስፋት ተመራጭ ነው።

በምርጫ ወቅት ቀዳሚው መስፈርት ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው። ከዚያው ጣውላ የተረፈ ቁራጭ ሲፈለጥ ስንጥቁ የቃጫውን አቅጣጫ ያሳያል። ስንጥቁ ወደ ጎን ካመለጠ፣ ወይም ጣውላው ጉጥ ካለበት ለልባጥነት አይመረጥም።

የተመረጠው እንጨት እርጥበቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ እስኪደርስ በጥላ ሥር ይደርቃል። ከዚያም ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲሆን ይላጋል። ሂኮሪ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ከመጠን በላይ የወፈረ ልባጥ የደጋኑን ሆድ ሊያደቅቀው ይችላል።

ከማጣበቅ በፊት የሚገናኙት ሁለቱ ገጾች ክፍተት እንዳይኖራቸው ይስተካከላሉ፤ አቧራቸውም ይጠረጋል። ቅባትነት ያለው እንጨት በአሴቶን ይወለወላል። ሙጫው ከተቀባ በኋላ ሁለቱ እንጨቶች በብዙ ሞርሳዎች እኩል ተይዘው ሙጫው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይቆያሉ።

ቃጫው የተቋረጠ ልባጥ ከተጣበቀ በኋላ ጉድለቱን ማረም አይቻልም። እንዲህ ያለው ደጋን በተሳበበት ቅጽበት ተሰብሮ የቀስተኛውን ፊትና እጅ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዋናው ጥንቃቄ መደረግ ያለበት ጣውላው በሚመረጥበት ጊዜ ነው።