ከጨዋታ መታገድና አቤቱታው

እዚህ ጎንደር ፕሌይስቴሽን ቤት ጠብ ያነሳ ልጅ «ሁለተኛ እንዳትመጣ!» ይባላል። ታላቅ ወንድሙ ሄዶ ሲለምንለት ግን ባለቤቱ «በል ግባ» ይለዋል። የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ አማላጅ የለም።

እገዳ ጊዜያዊም ቋሚም ሊሆን ይችላል። ፐብጂ ሞባይል በማጭበርበሪያ ፕሮግራም የተጫወተን እስከ 10 ዓመት ያግዳል። ስቲም ላይ ደግሞ ቫክ የሚባለው መቆጣጠሪያ የሚጥለው እገዳ ቋሚ ነው፤ በልመና አይነሳም።

ታዲያ ማሽን አይሳሳትም እንዴ? ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የስቲም ባለቤት ቫልቭ 12,000 ያህል የሞደርን ዋርፌር 2 ተጫዋቾችን በስህተት አግዶ ነበር። ስህተቱን ሲያገኘው እገዳውን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላ ጨዋታም በነፃ ሰጣቸው።

አቤቱታ የሚቀበል ጨዋታ ከሆነ የአካውንቱን ስም፣ የታገዳችሁበትን ቀንና የሆነውን ነገር በአጭሩ ጻፉ። ስድብ አይጠቅምም።

የዶርም ጓደኛዬ አካውንቱን ለሌላ ልጅ አውሶ ታገደበት። «እኔ አይደለሁም» ቢልም ሰሚ አላገኘም፤ የሁለት ዓመት ድካሙ በአንድ ማታ ቀረ። ስቲምም ቢሆን በአካውንቱ ለሚሠራው ሁሉ ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ስልካችሁን ብታውሱም የይለፍ ቃላችሁን አታውሱ።