የጎደለው ጎን በመደመር አይገኝም

ተረት፦ ጎነ ሦስት ሲጎላ አንዱ ጎን በስንት እንደጨመረ ታይቶ ሌላውም ላይ ያው ይደመራል።

እውነታ፦ አይደመርም፤ ይባዛል። ስህተቱ ደግሞ ደብተር ላይ ብቻ አይቀርም። ግንበኛ የቤት ማዕዘን ሲያወጣ 3፣ 4 እና 5ን በ20 አባዝቶ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር ይለካል። ልኩ ከገጠመ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ደማሪው ግን «3 ወደ 60 ሲያድግ 57 ጨመረ» ብሎ 60፣ 61 እና 62 ላይ ይደርሳል። በዚህ ልክ ትልቁ ዘዌ እንኳ 62 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ማዕዘን ላይ ግድግዳ አይቆምም።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ታላቅ ወንድም ታናሹን በ3 ዓመት ከበለጠው ሁለቱም ሲሸመግሉ ልዩነቱ ያው 3 ነው፤ ልጅ ይህን ከቤቱ ያውቀዋል። ጎኖቹ እኩል በሆኑበት ጎነ ሦስት ላይ ደግሞ መደመሩም ይሠራል፦ 3፣ 3፣ 3 በእያንዳንዱ ላይ 2 ሲጨመር 5፣ 5፣ 5 ይሆናል፤ ቅርጹም አይለወጥም። ብዙ ተማሪ የሚታለለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ተማሪው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የሚያናድደኝ ይህን «አቋራጭ» እያለ ለፈተና የሚያስጠናው ሰው ነው። ለአንድ ጥያቄ ብሎ የ8ኛ ክፍል ልጅ የምስስል ጎነ ሦስቶችን ዋና ሐሳብ እንዲስት ያደርገዋል። ያ ሐሳብ ደግሞ የተጣጣሙ ጎኖች ጥምርታ አንድ ነው የሚል ነው፤ ልዩነታቸው አንድ ነው አይልም።

የአክሱምን ሐውልት እንውሰድ። ከሮም ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. ዳግም የቆመው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ይህን ሳናውቅ በጥላ እንለካው እንበል። አጠገቡ ቀጥ ብሎ የተተከለ የ2 ሜትር ዘንግ የ3 ሜትር ጥላ ሲጥል፣ በዚያው ሰዓት የሐውልቱ ጥላ 36 ሜትር ይሆናል። የጥላው እጥፍ 12 ስለሆነ 2ን በ12 እናባዛለን፦ 24 ሜትር። ደማሪው ግን ጥላው በ33 በለጠ ብሎ 35 ሜትር ይላል። ይህ ወድቆ ከተሰባበረው፣ ወደ 33 ሜትር ከሚጠጋው ከትልቁ ሐውልት እንኳ ይበልጣል።

ተረት፦ ምስሉ ሲጎላ ዘዌዎቹም ያድጋሉ።

እውነታ፦ ፈጽሞ አያድጉም። ዘዌው ከተለወጠ ምስስልነቱ ቀርቷል።

ተረት፦ ጎኖቹ እጥፍ ሲሆኑ ስፋቱም እጥፍ ይሆናል።

እውነታ፦ አራት እጥፍ ይሆናል። የ3፣ 4፣ 5 ጎነ ሦስት ስፋት 6 ሲሆን የ6፣ 8፣ 10 ደግሞ 24 ነው።

ተረት፦ ለመሠረቱ ትይዩ የሆነ መስመር ጎነ ሦስቱን ሲቆርጥ፣ የላይኛው ቁራጭ ለታችኛው ያለው ጥምርታ ትይዩው መስመር ለመሠረቱ ካለው ጥምርታ ጋር እኩል ነው።

እውነታ፦ ይህኛው ጎበዝ ተማሪንም ይጥላል። ከጫፉ እስከ መስመሩ 4፣ ከመስመሩ እስከ መሠረቱ 6፣ መሠረቱ ደግሞ 15 ከሆነ ብዙዎች 4 ለ6 ብለው 10 ያወጣሉ። ነገር ግን ምስስል የሆኑት ትንሹ ጎነ ሦስትና ሙሉው ጎነ ሦስት ናቸው፤ የታችኛው ቁራጭ ጎነ ሦስት እንኳ አይደለም። ስለዚህ ጥምርታው 4 ለ10፣ የመስመሩም ርዝመት 6 ነው።