የድል በዓል ሰልፍ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ስምና ዘመን ሳይጻፍባቸው እንዳይቀሩ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የሚከበረው የአርበኞች የድል በዓል በአገሪቱ ከሚከበሩት ታላላቅ ብሔራዊ በዓላት አንዱ ነው። ዕለቱ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበት፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ መናገሻ ከተማቸው የገቡበት ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ዙሪያ የተካሄዱት ሥነ ሥርዓቶች በጋዜጦች ተዘግበዋል። በአነስተኛ ከተሞች ይካሄዱ የነበሩት ሰልፎች ምስል ግን በአብዛኛው ተቀምጦ የሚገኘው በቤተሰብ አልበምና ሣጥን ውስጥ ነው።

ለዚህ ደብረ ማርቆስን በምሳሌነት መጥቀስ ይቻላል። የጎጃም አርበኞች በአምስቱ ዓመታት የተጋደሉባት አካባቢ ማዕከል ስትሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ አዲስ አበባ ሲያመሩ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ደርሰውባታል። በእንዲህ ዓይነት ከተሞች በበዓሉ ዕለት በተነሡ የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻና ጦር የያዙ፣ በደረታቸው ላይ ሜዳሊያ የደረደሩ አርበኞች እንዲሁም በሰልፍ የቆሙ ተማሪዎች ይታያሉ። የአርበኞቹ ማንነት ግን በፎቶግራፉ ጀርባ ካልተጻፈ የሚታወቀው ከሚያስታውሱት ሰዎች አንደበት ብቻ ነው። ከድሉ በኋላ ከሰማንያ ዓመታት በላይ በመቆጠራቸው፣ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ጊዜ የማይሰጠው ተግባር ሆኗል።

የፎቶግራፎቹን ዘመን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው የበዓሉ ዕለት ራሱ ነው። በደርግ ዘመን የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ቀን ተዛውሮ ይከበር እንደነበር ይታወሳል፤ ይህም አዲስ አበባ በ1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጦር ነፃ የወጣችበት ዕለት ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። በመሆኑም በጀርባው “የድል በዓል፣ መጋቢት 28” ተብሎ የተጻፈ ፎቶግራፍ የቀን ስሕተት አለበት ተብሎ መታረም የለበትም፤ ይልቁንም የተነሣበትን ሥርዓት ያመለክታል።

ሁለተኛው ምልክት ሰንደቅ ዓላማው ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ቀለማቱ ባይለዩም መሐል ላይ ያለው ዓርማ ሊለይ ይችላል። ዘውድ የጫነው አንበሳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ሲያመለክት፣ ባለ ኮከቡ ክብ ዓርማ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ ያሳያል። ይሁን እንጂ ዓርማ የሌለው ሰንደቅ ዓላማ በተለያዩ ዘመናት ጥቅም ላይ የዋለ በመሆኑ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሰልፈኞች የያዙት ጽሑፍም ይረዳል። የከተማ ቀበሌዎች የተቋቋሙት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ የቀበሌ ስም የተጻፈበት መፈክር የሚታይበት ፎቶግራፍ ከዚያ በፊት የተነሣ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የዘመን አቆጣጠርን ይመለከታል። በፎቶግራፉ ላይ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። በመጋቢትም ሆነ በሚያዝያ የድል በዓል ሲከበር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ዓመት ነው። ስለዚህ “1947” የሚለው ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ፎቶግራፉ የተነሣው በ1939 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። መዝጋቢው ዓመቱን እንደተጻፈ ገልብጦ የራሱን ግምት ለብቻው ማስፈር ይኖርበታል።

የሰዎቹን ስም ለመመዝገብ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። የፎቶግራፉ ቅጂ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ተራ ቁጥር ይሰጥና ስሙ ከነአባቱ፣ የነበረው ኃላፊነት፣ መረጃውን የሰጠው ሰውና የተሰጠበት ቀን በተለየ ወረቀት ይጻፋል። ሁለት አረጋውያን በአንድ ሰው ማንነት ላይ ካልተስማሙ ሁለቱም ቃል መመዝገብ አለበት። በዋናው ፎቶግራፍ ጀርባ መጻፍ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ቀለል አድርጎ መጻፍ ይመረጣል፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሊጎዳና ቀለሙም ወደ ፊት ለፊት ሊዘልቅ ይችላል።

ፎቶግራፎቹ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ርቀው መቀመጥ አለባቸው። ሙጫ ባላቸው አልበሞች ላይ የተጣበቁትን በኃይል መላቀቅ ምስሉን ስለሚቀድ፣ ከነገጹ በስካነር ማንሳት ይሻላል። ዲጂታል ቅጂ መኖሩም ዋናውን ለመጣል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የወረዳና የከተማ የባህል ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ዋናውን ለባለቤቱ መልሶ ቅጂውን በቤተሰቡ የጽሑፍ ፈቃድ ማስቀመጥ ቤተሰቦች ያለ ሥጋት እንዲተባበሩ ያግዛል። ለአዲስ አበባው በዓል በርካታ ዘገባዎች ሲኖሩ፣ በአነስተኛ ከተማ ሰልፍ ፊት ለፊት ለቆመ አንድ አርበኛ ግን ያ ፎቶግራፍ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ሥራው መጀመር ይኖርበታል።