ሚስትና ልጅ የማያውቀው ግብር

ከአርሲ፣ ከወላይታ ወይም ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ዱከም ፋብሪካ የሚቀጠር ሰው ከግብር ጋር የሚተዋወቀው የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ዕለት ነው። ፎርም አልሞላም፣ የገቢዎች ቢሮ ደጅም አልረገጠም፤ ግብሩ ግን ተቆርጦ ሄዷል። ዱከም ድሮ የምትታወቀው በሥጋ ቤቶቿና ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ናዝሬት በሚያልፈው መንገደኛ ነበር። የቻይና ባለሀብቶች የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንን ከተከሉና በ2004 ዓ.ም. የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን አዲስ ደመወዝተኛ በየጊዜው ይገባባታል። ብዙው ሚስትና ልጅ ይዞ፣ አለዚያም አገር ቤት የቀሩትን እየጦረ የሚኖር ነው። የሥራ ግብር ሠንጠረዥ ይህን አይጠይቅም። አለመጠየቁ ስህተት ነው አልልም፤ ሕግ አውጪው ላይ የሚጥለው ግዴታ ግን አለ፣ ያም ግዴታ በቅጡ አልተወጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጣሪው ከደመወዙ ላይ ግብሩን ቀንሶ ያስቀራል፤ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ አስታውቆ ገቢ ያደርጋል። ሠራተኛው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ገቢ ከሌለው በስተቀር የሚያቀርበው ማስታወቂያ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኞች የሥራ ግብር የክልል ገቢ ስለሆነ፣ ዱከም ላይ የሚቆረጠው ለኦሮሚያ ይገባል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እየተባለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ቦነስ ከደመወዝ ጋር ተደምረው ግብር ይከፈልባቸዋል። ፋብሪካው በነፃ የሚያቀርበው ምግብ ግን ግብር የለበትም፤ ከሌላ ቦታ ተቀጥሮ ለመጣ ሰው ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ የሚሰጠው የጉዞ ወጪም እንዲሁ፣ በውሉ ላይ ከተጻፈ። ይቺን የመጨረሻዋን አዲስ ገቢው ሲፈርም ቢያያት ይጠቀማል። ለቻይናዊው ተቆጣጣሪም ሠንጠረዡ አንድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ዓመት ጊዜ ከ183 ቀናት በላይ ከቆየ ነዋሪ ይባልና የውጭ ገቢውም ይታያል፤ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይገበር ሁለቱ አገሮች ስምምነት አላቸው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። 5,000 ብር የሚያገኝ ወንደላጤ 500 ብር ግብር ይከፍላል። በዚሁ ደመወዝ ሚስትና ሦስት ልጆች የሚያስተዳድረውም 500 ብር ይከፍላል። ሁለቱም እየሠሩ 2,500፣ 2,500 ብር የሚያገኙ ባልና ሚስት ግን ግብራቸው 75፣ 75 ብር፣ በድምሩ 150 ብር ነው። ቤቱ የሚገባው ገንዘብ እኩል ሆኖ ግብሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል፤ ጉዳቱ የሚያርፈውም ሚስቱ ሕፃን ይዛ ቤት በቀረችበት ሠራተኛ ላይ ነው። አሜሪካ የገባ ዘመዱ ሌላ ነገር ያያል። በየዓመቱ እስከ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ ራሱ ያስታውቃል፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ ላይ መሙላት ይችላል፣ በልጅ ቁጥርም ግብሩ ይቀነስለታል።

ታዲያ የአሜሪካን እንውሰድ? አይመስለኝም። ባልና ሚስት በአንድ ላይ ሲገበሩ፣ ሥራ ልትጀምር ያሰበች ሚስት የመጀመሪያ ብሯ የባሏ ደመወዝ በደረሰበት ከፍተኛ እርከን ይመታል። የእኛ ሠንጠረዥ እሷን ለብቻዋ ስለሚያይ የራሷ ነፃ 2,000 ብር አላት፤ ሴቶች በብዛት ለሚሠሩበት የጫማና የልብስ ፋብሪካ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ችግር ማስረጃ ነው። እዚህ አገር ጥገኛ ማለት ልጅ ብቻ አይደለም፤ ያረጁ ወላጆች፣ የሟች ወንድም ልጆች፣ ለትምህርት የመጣች የእህት ልጅ አሉ። እነሱን ሁሉ ለመቁጠር የቀበሌ ወረቀት ሊጠየቅ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ሰው ላለው ቶሎ፣ ለአዲስ ገቢው ዘግይቶ ይደርሳል።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ቤተሰብን ባይቆጥር እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ነው። ቤተሰብ የማይቆጠር ከሆነ ልጆቹን የሚጠብቅላቸው ያ ከግብር ነፃ የሆነ መነሻ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዓመታት ባለበት ይቆማል፣ ገበያው አይቆምለትም። በ1994ቱ አዋጅ 150 ብር ነበር፤ 600 ብር ለመሆን 14 ዓመት፣ 2,000 ለመሆን ሌላ 9 ዓመት ፈጀ። በየጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ ቢሰላ የ1994ቱ መነሻ 17 ዶላር ገደማ፣ የ2008ቱ 27 ገደማ፣ የ2017ቱ ደግሞ 15 ዶላር ገደማ ነው። ሠራተኛ ጤፍ በዶላር አይገዛም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ዘይቱና መድኃኒቱ ግን በዶላር ይመጣሉ። ሌላው ክርክር የመንግሥት ካዝና ነው። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንደማይሞላ የታወቀ ነው። ጉድለቱ ግን ደመወዙ እጁ ሳይገባ ከሚቆረጥበት ሰው የመጣ አይደለም፤ ደረሰኝ ከማይቆርጠው ነው። የግል ዘርፉ ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳ ሳይኖረው ይህን ቀዳዳ እንዲደፍን መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ነፃው መነሻና እርከኖቹ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከሉ በአዋጁ ውስጥ ይጻፍ፤ ቀጣሪም ቀበሌም ተጨማሪ ሥራ አይኖርባቸውም። እስከዚያው የደመወዝ ወረቀታችሁን ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ ሒሳቡንም ራሳችሁ ሥሩት። በ5,000 ብር ደመወዝ ላይ አሁንም 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር የሚቆረጥባችሁ ከሆነ፣ ሒሳብ ክፍሉ በ2008ቱ ሠንጠረዥ እየሠራ ነው።