ድልድዩ ሳይሰፋ ለቢስክሌት መንገድ እንዴት ተገኘ?

በትልልቅ ከተሞች ስለ መንገድ ጥበት ክርክር በተነሣ ቁጥር «ቦታ የለም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። ነገሩ የድልድይ ሲሆን ደግሞ መልሱ እውነት ይመስላል። በየብስ ላይ ያለ መንገድ ቢጠብ አጥር ፈርሶ ይሰፋ ይሆናል፤ በወንዝ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ግን እንደ ልብ አይሰፋም። በዚህ ጽሑፍ የኒውዮርክን የብሩክሊን ድልድይ ምሳሌ አድርገን፣ ቦታ የለም ከተባለበት ስፍራ ለቢስክሌት የተለየ መንገድ እንዴት እንደ ተገኘ ለአንባብያን ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የብሩክሊን ድልድይ ኢስት ሪቨር በተባለው ውሃ ላይ ማንሃተንንና ብሩክሊንን ያገናኛል። ለሕዝብ የተከፈተው በግንቦት 1883 ሲሆን፣ በሁለቱ የድንጋይ ማማዎች መካከል ያለው ርቀት 486 ሜትር ያህል ነው። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ጆን ሮብሊንግ በመካከሉ፣ ከተሽከርካሪው መንገድ ከፍ ብሎ የሚሄድ የእግረኛ መተላለፊያ እንዲኖር አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ በድልድዩ ላይ በፈረስ የሚሳቡ ሠረገላዎችና በገመድ የሚጎተት ባቡር ይመላለሱ ነበር፤ ኋላም የከተማው ትራም ተጨመረ። በ1907 በቀን ከ400,000 በላይ ሰው ይሻገርበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድልድዩ ለመኪና እየተለቀቀ ሄደ። ባቡሩ በ1944፣ ትራሙም በ1950 ቀረ፤ በ1954 የእድሳቱ ሥራ ሲያልቅ ስድስት የመኪና መሥመሮች ተዘጋጁ። ነገር ግን በ1989 በቀን የሚሻገረው ሰው ወደ 178,000 ወርዶ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባቡር ብዙ ሰው በጥቂት ቦታ ይጭናል፣ መኪና ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ሰፊ ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የድልድይ ጥቅም በሚያልፉት መኪናዎች ብዛት ብቻ ቢለካ ስሌቱ የተሳሳተ ይሆናል።

ቢስክሌተኞችስ በየት ያልፉ ነበር? ከእግረኞች ጋር በዚያው በመካከለኛው መተላለፊያ ላይ ነው። መተላለፊያው አንዳንድ ስፍራ ላይ 3 ሜትር ያህል ብቻ ስፋት አለው፤ እርሱም በቀለም በተሰመረ መሥመር ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከልዩ ልዩ ሀገር የመጣው ጎብኚ ደግሞ ሥዕል ሊያነሣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ቀለሙን አያይም።

አደጋው የሚመነጨው ከፍጥነት ልዩነት ነው። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲራመድ ቢስክሌተኛ 20 ሊደርስ ይችላል። በፊዚክስ እንደ ተማርነው፣ የሚንቀሳቀስ አካል ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይጨምራል፤ እንግዲህ አንድ ዓይነት ክብደት ያለው አካል በ20 ሲሄድ በ5 ከሚሄደው 16 እጥፍ ኃይል አለው። መኪና ደግሞ በፍጥነትም በክብደትም ከሁለቱም ይበልጣል። በድልድይ ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል። መካከሉ ከፍ ያለ በመሆኑ ቢስክሌተኛው ሽቅብ ሲወጣ ይዘገያል፣ ቁልቁል ሲወርድ ይፈጥናል፤ ነፋሱም ከጎን ይገፋዋል፤ ዘወር ብሎ የሚሸሽበት ዳር ግን የለም። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ፍጥነት ላላቸው መንገደኞች ሦስት የተለያዩ መንገዶች ያስፈልጋሉ፤ በመካከላቸውም ከቀለም የጠነከረ ነገር መቆም አለበት።

በመጀመሪያ የታሰበው የእግረኛውን መተላለፊያ ማስፋት ነበር። ከተማው በ2016 ይህን አስጠና። ሆኖም በተንጠለጠለ ድልድይ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ብረትና ሰው በመጨረሻ ክብደቱ የሚያርፈው በገመዶቹ ላይ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገሉትን ገመዶች ሳይመረምሩ ሸክም መጨመር አይቻልም።

በጥር 2021 ከንቲባው ቢል ዴ ብላሲዮ ሌላ መንገድ መመረጡን አስታወቁ። ወደ ማንሃተን ከሚሄዱት ሦስት የመኪና መሥመሮች ውስጠኛው ተወስዶ፣ በጠንካራ መከለያ ታጥሮ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለሚሄዱ ቢስክሌቶች ተሰጠ። ሥራው በመስከረም 2021 ተፈጽሞ መንገዱ ተከፈተ፤ የመካከለኛውም መተላለፊያ ለእግረኛ ብቻ ተለቀቀ። ድልድዩ አንድ ክንድ እንኳ አልሰፋም፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ነው።

ይህም ሆኖ ሥራው ጉድለት የለውም አንልም። የቢስክሌቱ መሥመር ስፋት 8 ጫማ ያህል ብቻ ነው። ምግብ በማድረስ የሚተዳደሩ ሠራተኞች በኤሌክትሪክ ቢስክሌት በፍጥነት ሲያልፉ፣ በእግሩ እየመታ ቀስ ብሎ ሽቅብ የሚወጣው ሰው ይጨነቃል። የእግረኛውም መተላለፊያ ከቢስክሌት ቢላቀቅም መጨናነቁ ስላልቀረ፣ ከተማው በጥር 2024 በዚያ ላይ መነገድን ከለከለ፤ ክልከላውም ለብዙ ችርቻሮ ነጋዴዎች የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ የድልድይ መሥመር በሁለቱም ጫፍ ከሌላ የቢስክሌት መንገድ ጋር ካልተያያዘ ሰውን ከአደጋ አውጥቶ አደጋ ላይ መጣል ይሆናል። የብሩክሊኑ መሥመር በማንሃተን በኩል ከሴንተር ጎዳና፣ በብሩክሊን በኩል ከቲለሪና ከአዳምስ ጎዳናዎች ጋር መያያዙ ለዚህ ነው።

ያው ከተማ በግንቦት 2025 በኩዊንስቦሮ ድልድይም እንዲሁ አደረገ፤ በአንድ ጠባብ መሥመር ይጋፉ የነበሩትን እግረኞችና ቢስክሌተኞች ለይቶ፣ ለመኪና ይውል የነበረውን የደቡቡን ዳር ለእግረኞች ሰጠ።

መኪና ነጂዎች መሥመር ሲቀነስባቸው ማጉረምረማቸው አያስደንቅም፤ ከያዙት ነገር ላይ መካፈል ለማንም ይከብዳል። ግን ያ ድልድይ ሠረገላን፣ ባቡርንና ትራምን በየተራ አስተናግዶ አሰናብቷል፤ መሥመሮቹም ለመኪና ለዘለዓለም የተጻፉ ርስት አልነበሩም። ወደፊት ከመካከላችን መሐንዲስ ወይም የከተማ ሹም የሚሆን ቢኖር፣ «ቦታ የለም» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ያለው ቦታ ለማን እንደ ተሰጠ በሜትር ለክቶ፣ የሚሻገረውንም ሰው ቆጥሮ ይመልከት እንላለን።