“ይችላል” እና “አለበት”፦ የልጆቻችን ቤተ መጻሕፍት በሕግ የሚዘጋበትና በሕግ የሚከፈትበት መንገድ

(ከሲያትል፣ ዋሽንግተን ስቴት)

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከወትሮው የሀገር ቤት ፖለቲካችን ለየት ይላል። “ሀገራችን በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ምን ያስወራዋል?” የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታግሶ እስከ መጨረሻው ለሚያነብልኝ ግን ነገሩ ከፖለቲካችን የራቀ እንዳልሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ነው። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ማታ፣ “አባዬ፣ ላይብረሪያችን ከረቡዕ በኋላ ይዘጋል፤ የላይብረሪ አስተማሪያችን ሐሙስና ዓርብ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው” አለችኝ። ሐሙስ ጠዋት ላደርሳት ስሄድ በበሩ መስተዋት አሻግሬ ተመለከትኩ። መብራቱ ጠፍቷል። መጻሕፍቱ ተደርድረዋል። ወንበሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጠዋል።

ወዲያው ትዝ ያለኝ ሀገር ቤት የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። እኛም “ቤተ መጻሕፍት” ነበረን። ሁለት የብረት ቁም ሣጥን ሲሆን ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው እጅ ነበር። መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዙ ስለሚቆረጥበት ሰውየው ሣጥኑን ከመክፈት አለመክፈቱን ይመርጥ ነበር። አልፈርድበትም። ሥራው ንብረት መጠበቅ እንጂ ልጅን ከመጽሐፍ ጋር ማገናኘት አልነበረም። ሰው የሌለው ቤተ መጻሕፍት መጋዘን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ የተቆለፈ ሣጥን አሜሪካ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ርዕሰ መምህርቷን አነጋገርኳት። ትሑት ሴት ናት፤ አልሸሸችኝም። “ስቴቱ የሚመድበው ገንዘብ ለአንድ ሙሉ ሰው አይበቃም። የሚመድበውንም ለዚሁ ሥራ እንድናውለው ሕጉ አያስገድደንም” አለችኝ። ይህች ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ለአንድ ሥራ ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ለዚያ ሥራ የመዋል ግዴታ የለበትም ማለት ምን ማለት ነው? መልሱን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁትን ነው ከዚህ በታች የማካፍላችሁ።

የቤተ መጻሕፍት መምህር ማን ነው?

ብዙዎቻችን ላይብረሪያን ስንል መጽሐፍ አውጥቶ የሚሰጥና “ዝም በሉ!” የሚል ሰው ነው የሚታየን። እዚህ ቲቸር ላይብረሪያን የሚሉት ግን ሌላ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ትርጉም የመምህርነት የምስክር ወረቀት ያለው፣ በዚያ ላይ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተጨማሪ ማረጋገጫ የያዘ መምህር ነው። መጽሐፍ ይመርጣል፣ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ልጆች በኢንተርኔት ያገኙትን ወሬ ከእውነቱ እንዲለዩ ያሠለጥናል። በየፌስቡኩና በየዩቲዩቡ ወሬ ስንታመስ ለከረምነው ለእኛ የዚህ ትምህርት ጥቅም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ጥቅሙን ያጠኑም አሉ። ኪት ከሪ ላንስ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኮሎራዶና በሌሎች ስቴቶች ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በባለሙያ የተሟላ ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በንባብ ፈተና የተሻለ ውጤት ይዘው ተገኝተዋል። በእርግጥ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት አይበቃም። ሐብታም ሰፈር ላይብረሪያንም ጥሩ ውጤትም ሊኖረው ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህንኑ በመረዳት የድህነትን ልዩነት በስሌታቸው ውስጥ አስገብተው አይተውታል፤ ግንኙነቱ አልጠፋም።

ትርጉሙ በሕግ መጻፉ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሎስ አንጀለስ መማር ይቻላል። በ2011 የበጀት ቀውስ ጊዜ የከተማዋ የትምህርት አስተዳደር የቤተ መጻሕፍት መምህራኑን ለመቀነስ ተነሣ። መምህራኑ ችሎት ፊት እየቀረቡ በአስተዳደሩ ጠበቆች መስቀለኛ ጥያቄ ተጠየቁ። የጥያቄው ፍሬ ነገር “ለመሆኑ አንተ አስተማሪ ነህ?” የሚል ነበር። የሎስ አንጀለስ ታይምስ አምደኛ ሄክቶር ቶባር በቦታው ተገኝቶ በጻፈው ጽሑፍ ሀገሩን ጉድ አሰኝቷል። ዕድሜውን ሙሉ ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው አስተማሪ መሆኑን በማስረጃ አረጋግጥ ሲባል፣ ሙያው በሕግ ያልታጠረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያሳያል።

የስፖኬን እናቶች

ወደ እኛው ስቴት ልመለስ። በ2007 በምሥራቅ ዋሽንግተን በምትገኘው በስፖኬን ከተማ የትምህርት አስተዳደሩ የበጀት ጉድለት ገጠመው። ጉድለቱን ለመሙላት በበርካታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላይብረሪያኖችን የሥራ ሰዓት በግማሽ ቆረጠ። ሦስት እናቶች ይህን አንቀበልም ብለው ተነሡ። ሦስቱም ላይብረሪያን አልነበሩም።

በመጀመሪያ የትምህርት ቦርዱን ተማጸኑ፤ አልሆነም። ከዚያ ጥያቄው የሚፈታው ስቴቱ ገንዘብ በሚመድብበት ቦታ መሆኑ ገባቸው። ፊርማ አሰባሰቡ፤ የላይብረሪያኖችን ማኅበር አስተባበሩ፤ ተራራውን አቋርጠው ወደ 300 ማይል ርቃ ወደምትገኘው ዋና ከተማ ወደ ኦሊምፒያ እየተመላለሱ የምክር ቤት አባላትን በየቢሯቸው አነጋገሩ። በ2008 ምክር ቤቱ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት 4 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በስቴቱ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ተማሪ ስላለ ለአንድ ልጅ 4 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ከጠየቁት እጅግ ያነሰ፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ነበር። ነገር ግን ስሙ በበጀት ሰነድ ላይ ያልነበረ ጉዳይ ስሙ ተጻፈ።

0.663 ሰው

ቀጥሎ የመጣው ከዚያ ይበልጣል። በ2009 እና በ2010 የወጡት ሕጎች የትምህርት በጀት አሠራርን ከሥሩ ቀየሩት። ሕጉ “አምሳያ ትምህርት ቤት” በሚለው ስሌት ይሠራል። 400 ተማሪ ላለው አንደኛ ደረጃ ስንት መምህር፣ ስንት ነርስ፣ ስንት የጽዳት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ቁጥሩን ይዘረዝርና ገንዘቡን በዚያ ልክ ያሰላል። የቤተ መጻሕፍት መምህርም ከዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ለ400 ተማሪ አንደኛ ደረጃ 0.663፤ ለ432 ተማሪ መካከለኛ 0.519፤ ለ600 ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ 0.523።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ከመነሻውም ሙሉ ሰው አልሰጠም። ሁለተኛው ጉድ ደግሞ ከቁጥሩ በታች ይገኛል። ያው ሕግ ቁጥሮቹ ገንዘብ ለማከፋፈል እንጂ ሰው ለመቅጠር እንደማያስገድዱ በግልጽ ይናገራል። ለላይብረሪያን ተብሎ የተሰላውን ገንዘብ የትምህርት አስተዳደሩ ለሌላ ሠራተኛ ቢያውለው ሕግ አልጣሰም። የቤተ መጻሕፍቱን ጉዳይ የሚገዛው ሌላው አንቀጽም በ2015 ተሻሽሎ የላይብረሪያኑን ሥራ በዝርዝር ቢያስቀምጥም፣ የትምህርት ቦርዱ ቤተ መጻሕፍት የሚያቋቁመው “አስፈላጊ ነው ብሎ ባመነበት” መጠን መሆኑን አልለወጠም። ርዕሰ መምህርቷ የነገረችኝ ይህንን ነበር።

እንዲህ ያለ ሕግ “ይችላል” ይላል። “አለበት” የሚል ሕግ ደግሞ አለ። ከሐብታሞቹ ስቴቶች ተርታ የማትሰለፈው አርካንሳስ፣ 300 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ፈቃድ ያለው ላይብረሪያን መቅጠር አለበት ብላ በሕግ ደንግጋለች። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማይክሮሶፍትና ቦይንግ ያበለጸጉት የእኛ ስቴት ከአርካንሳስ ባላነሰ ነበር። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ነው።

የ“አለበት”ን ጉልበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋሽንግተን ሕገ መንግሥት ልጆችን ሁሉ በበቂ ገንዘብ ማስተማር የስቴቱ ቀዳሚ ግዴታ ነው ይላል። ማክሊሪ የተባለ ቤተሰብና ሌሎች ይህቺን ዓረፍተ ነገር ይዘው ስቴቱን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ስቴቱ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ፈረደ። ምክር ቤቱ ሲያንገራግር በ2015 በቀን 100 ሺህ ዶላር ቀጣው። ክሱ በ2018 እስኪዘጋ ድረስ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለትምህርት ተጨመረ። ፍርድ ቤት መንግሥትን በቀን 100 ሺህ ዶላር ሲቀጣ! ለእኛ ተረት ይመስላል። ግን አንድ ቤተሰብ “አለበት” የሚል ቃል በእጁ ስለነበረው የሆነ ነው።

በፌዴራል ደረጃም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን የወጣው የትምህርት ሕግ ለትምህርት ቤት መጻሕፍት የተለየ ገንዘብ መድቦ ስለነበር ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። በ2007 ኮንግሬስ የቀረበው፣ ላይብረሪያንን በየትምህርት ቤቱ ለማዳረስ ያለመው ረቂቅ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። በታኅሣሥ 2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የትምህርት ሕግ “ውጤታማ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት”ን በስም ጠቅሶ በአንዳንድ የፌዴራል ገንዘቦች መደገፍ እንደሚቻል ፈቀደ። ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። እንደገና “ይችላል”።

ይህን ትምህርት እኛ ቀድመን ተምረነዋል

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ኤች አር 2003ን የማያስታውስ አንባቢ አለ? በሥራ መካከል ሹልክ እያልን ለእንደራሴዎቻችን ስልክ ስንደውል፣ ፋክስ ስንልክ፣ ከየስቴቱ አውቶቡስ ተከራይተን ዋሽንግተን ዲሲ ስንጎርፍ? በጥቅምት 2007 የታችኛው ምክር ቤት ሲያሳልፈው ጮቤ ረገጥን። ሴኔት ገብቶ ሳይነሣ ቀረ። ከ11 ዓመት ገደማ በኋላ በሚያዝያ 2018 ኤች ሬስ 128 አለፈ፤ እሱ ደግሞ የምክር ቤት አቋም መግለጫ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አልነበረም። በአንድ ምክር ቤት ማለፍ ሕግ መሆን እንዳልሆነ፣ ሕግም ሁሉ አስገዳጅ እንዳልሆነ በገዛ ላባችን ተምረናል።

ይህ ሁሉ ልምድ ታዲያ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሆን የት ገባ? በሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እቤታቸው ከሚናገሯቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ ግን ከእኛ ሰው ያየሁት እኔን ጨምሮ በጣት የሚቆጠር ነው። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ተብለን አድገናል። በጀት በሚቆረጥበት አዳራሽ ግን ዝም ያለ ሰፈር የመጀመሪያው ተቆራጭ ነው። አባት ሁለት ሥራ የሚሠራበት፣ እቤት የመጽሐፍ መደርደሪያ የሌለበት ልጅ ነው ላይብረሪ ሲዘጋ የሚጎዳው። ባለጸጋው ልጁን መጽሐፍ መደብር ይወስደዋል።

በዚህ ረገድ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ሳላነሣ አላልፍም። በስደት ላይ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ላይብረሪያን ሆነው ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ለመደርደሪያው ፈልገው አጡ። ያ ማጣት ሀገር ቤት መልሷቸው በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በመደርደሪያው ላይ የጎደለውን የሚያይ አንድ ላይብረሪያን ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለኝም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፦ ገንዘቡ የሚወሰንበትን ቦታና ጊዜ እንወቅ። የዋሽንግተን ምክር ቤት በየዓመቱ በጥር ሁለተኛ ሰኞ ይከፈታል፤ በጎዶሎ ዓመት 105 ቀን፣ በሙሉ ዓመት 60 ቀን ብቻ ይሰበሰባል። አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ ከአፈ ጉባኤው ባላነሰ ሊታወቅ ይገባል። የትምህርት አስተዳደሮች በጀት ደግሞ እስከ ነሐሴ 31 ይጸድቃል። መስከረም ላይ ማልቀስ ከረፈደ ነው።

ሁለተኛ፦ ማንም ሰው በኮሚቴ ፊት ሊመሰክር ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። ኦሊምፒያ ድረስ መሄድም ግድ አይደለም፤ ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ተመዝግቦ ከቤት ሆኖ መናገር ይቻላል። ጊዜ የሌለው “እደግፋለሁ” ብሎ ስሙን ብቻ ማስመዝገብ ይችላል። ስምና ምስክርነት ግን ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ እንደሚቀር ማወቅ ይገባል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ወገን ይህን አስቦ ይወስን።

ሦስተኛ፦ ስንናገር አንድ ነገር እንጠይቅ። የሚሰጠው ደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ነው። የኢትዮጵያን የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ለማስተዋወቅ አይበቃም። “ለቤተ መጻሕፍት መምህር የተሰላው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍት መምህር ይዋል” የሚለውን ለመናገር ግን ይበቃል።

አራተኛ፦ ሕጉን ስናነብ ግሡን እንፈልግ። “ይችላል”፣ “እንደ አስፈላጊነቱ”፣ “ይበረታታል” የሚሉትን ባየን ቁጥር እናስምርባቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው በእነዚያ ቃላት በኩል ነው።

እኔ እስካሁን ምን አገኘሁ? ሁለት ጊዜ ቦርዱ ፊት ቀርቤ ተናግሬያለሁ፤ የእንደራሴዬን ረዳት አንድ ቀን አነጋግሬያለሁ። ላይብረሪው ዛሬም ሐሙስና ዓርብ እንደተዘጋ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን ከእኔ ጋር አራት የሀበሻ ወላጆች ለመናገር ተመዝግበዋል፤ አንዷ እናት “እንግሊዝኛዬ አያምርም” ብላ ስታመነታ ልጄ “እኔ አስጠናሻለሁ” አለቻት።

ሀገር ቤት እንዲመጣ የምንመኘው ሥርዓት ተራው ዜጋ ባለሥልጣኑን “ግዴታህን ተወጣ” የሚልበት አይደለምን? ያንን ለመለማመድ በሩ የተከፈተ ምክር ቤት አጠገባችን አለ። ልጆቻችን ሲያዩን እንለማመድ።

ቸር ይግጠመን።